ታጥቦ የመጣ ጋሪ

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰልፍ ከያዙት ሴቶች አንዷ፣ ረጅሙን ዳቦ ብብቷ ስር እንደወሸቀች፣ ለጓደኛዋ የአንዲት ልጅ ጉድ ታወራ ነበር። ልጅቷ ከቀለም መደብሩ በላይ ባለው የልጆች ጌም ክለብ፣ በጌሙ ዓለም ውስጥ፣ የአንድ ምስኪን ልጅ ሳጥን ከፍታ ያለውን ሁሉ ዘርፋዋለች፤ በስንት ድካም የሠራው ቤት ውስጥ አሳማ አስገብታበታለች፤ ይባስ ብላ ደግሞ በማይኩ የስድብ መዓት አውርዳበታለች። ከባሕር ማዶ በኢንተርኔት አብረው የሚጫወቱት የኦክላንድና የብሪዝበን ልጆች ሁሉ ሰምተዋል። ክለቡ ሊያባርራት ነው፣ ይበላት። «ደግሞ እኮ ተንተባታቢ ናት። አፏ የሚፈታው ለስድብ ብቻ ነው አሉ» አለችና ሳቀች። ሎሳና ከባንኮኒው ጀርባ ዳቦ እየቆረጠች ነበር። የሱቫ ከተማዋ ናቡአ ያን ያህል ሰፊ ሰፈር አይደለም፤ በዚያ ክለብ የምትንተባተብ ልጅ አንድ ብቻ አለች፣ እሷም የሎሳና ልጅ ኪኒ ናት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን እናት ከሰልፈኛ አፍ ሰማችው። ቢላዋው እጇ ላይ ቆመ። መልስ ልትሰጣት ፈለገች፣ ግን ምን ብላ? ሳጥኑ ተገልብጧል፣ አሳማውም ገብቷል፣ ስድቡም ተሰድቧል። ውሸቱ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ዘርፋዋለች» የሚለው። እሱን ለማስረዳት ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት መጀመር ያስፈልጋል፤ ሰልፉም እስከ በሩ ደርሷል። «ሌላ ምን ልስጥሽ?» አለቻት። ሴትዮዋ ክሬም የተቀባ ዳቦ ጨመረች።

ሳጥኑ የተገለበጠበት ልጅ ሳኪ ነው፤ ከነሎሳና ቤት ዝቅ ብሎ፣ በዚያው መንገድ፣ ከአያቱ ከቡቡ ሊቲያ ጋር ይኖራል። የነሳኪ መንደር ቫቱካሎ ከወንዙ ሽቅብ ነው፤ የሎሳና ባል የኢኖኬ መንደር ናቱቫ ደግሞ ባሕሩ ዳር። ሁለቱ መንደሮች ታውቩ ናቸው፤ ከአንድ የጥንት አባት ወጣን ይላሉ። ታውቩ ታውቩውን ሳያስፈቅድ ይወስዳል፣ ሳይሳቀቅ ይሰድባል፤ የተወሰደበትና የተሰደበው ደግሞ ይስቃል፣ ቀን ጠብቆም ብድሩን ይመልሳል። የተቆጣ ሰው እሱ ያፍራል። ኢኖኬ ባለፈው ገና የቡቡ ሊቲያን አውራ ዶሮ በጠራራ ፀሐይ አንቆ ወስዷል። አሮጊቷም ብትሆን አልተኛችም፤ የእጅ ጋሪውን፣ አካፋውን፣ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላውን፣ አንድ ቀን ደግሞ ውሃ የተጣደበትን ማንቆርቆሪያ ከነውሃው ይዛ ሄዳለች። ያን ቀን እስከ መንገዱ ጫፍ «እናንተ አሸዋ ላሾች፣ ውሃ መጣድ ከየት ተማራችሁ!» እያለች ነው የወረደችው፤ ኢኖኬ በሳቅ ወንበሩ ላይ አልቆ ነበር። ሎሳና ከሌላ አውራጃ የመጣች ስለሆነች በዚህ ውስጥ የለችበትም። የአገሯ ሰዎች የራሳቸው ታውቩ አላቸው፤ በሰው ታውቩ መሃል ግን አይገባም። በር ላይ ቆማ ማየት ነው የሷ ድርሻ፤ ማንቆርቆሪያው ሲሄድ ግን በሆዷ ተናድዳ ነበር።

ቀትር ላይ ሽርጧን ፈትታ ወጣች። ሱቫ ቅዳሜዋን እንደልማዷ በዝናብ እያሳለፈች ነው፤ ሎሳና ጃንጥላ የላትም፣ ያለው ጃንጥላ ቡቡ ሊቲያ ቤት ነው። እየሄደች የምታስበው ስለ ልጇ ምላስ ነበር። ኪኒ አፏን ከፈታች ጀምሮ ቃል ይይዛታል። ትምህርት ቤት ንባብ ሲደርሳት መምህሯ «ቀጣይ» ይላል፤ እሱ ማዘኑ ነው፣ እሷ ግን በዚያች ቃል ቁመቷ ያጥራል። ቤት ውስጥ በመናገር ፈንታ ራሷን መነቅነቅ ለምዳለች። ክለቡ ሲከፈት ሎሳና ስሟን አስመዝግባ ስትጠብቅ፣ ስትመላለስ፣ ስትለማመጥ ከርማ በመጨረሻ አንድ ወንበር አገኘችላት። አንድ ቅዳሜ ልትወስዳት ደረጃውን ስትወጣ ከውስጥ የልጅ ድምፅ ሰማች፤ ፈጣን፣ ጥርት ያለ፣ አንድም ቦታ ያልተያዘ። «ጭቃ ጠጪ! የናንተ አያት ዓሳ ሲያይ እባብ ነው ብሎ ዛፍ ላይ የወጣ አይደለም እንዴ!» ይላል። የማን ልጅ ናት ይቺ ባለጌ ብላ አንገቷን ብታስገባ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ያደረገችው ኪኒ ናት። ሎሳና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለማንም አልተናገረችም፣ ለኢኖኬም ቢሆን፤ ከነገርኩት ይጠፋል ብላ ፈራች።

የክለቡ ክፍል ቀለምና እርጥብ ጫማ ይሸታል። ኮምፒውተሮቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፤ መሃሉ ላይ ያለው ማራገቢያ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል እንጂ አያበርድም። በሩ ላይ የክለቡ ደንብ በላስቲክ ተለብጦ ተሰቅሏል። አስተባባሪው ኤሊያሳ ወጣት ነው፤ ብሪዝበን ተወልዶ ያደገ፣ የአባቱን አገር ሊያገለግል የመጣ፣ ከራሱ ኪስ ማዳመጫ የሚገዛ ልጅ። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለሎሳና ይቀላት ነበር። ወንበር ስቦላት፣ ብስኩት አቅርቦላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገሩን አስረዳት። ኦክላንድ ያለች አንዲት እናት ልጇ ሲጫወት ከጀርባው ሆና ሰምታ፣ ለዋናው ክለብ አቤት ብላለች። ሎሳና ትዕግሥቷን ሰብስባ ስለ ታውቩ ነገረችው።

«እሱንማ አውቃለሁ፣ እትዬ ሎሳና» አለ ኤሊያሳ። «አባቴ ነግሮኛል። የኦክላንዷ ሴትዮ ግን አታውቅም።»

«የሷ ልጅ ነው እንዴ የተሰደበው?»

«አይደለም። ግን ሰምቷል።»

«የተሰደበውስ ምን አለ?»

«ሳኪማ ሳቀ» አለና ኤሊያሳ ተከዘ። «እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። የተጎዳ ልጅ አንዳንዴ ይስቃል ብለው ሥልጠናው ላይ ነግረውናል።»

ሎሳና ብስኩቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። ይሄ ልጅ ሳቅን ከልቅሶ የሚለየው ሠልጥኖ ነው እንግዲህ። ያንተስ አባት መንደር ታውቩ ማነው ብትለው አንገቱን አቀርቅሮ እንዳልጠየቀ ነገራት። ከዚያ ወደ ደንቡ ተመለሰ። ዛሬ ከሰዓት ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ኪኒ በማይኩ ሁሉም ልጆች እየሰሙ ሳኪን ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ሳኪ «ተቀብያለሁ» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ካልሆነ ወንበሯ ተራ ለሚጠብቅ ልጅ ይሰጣል። ሎሳና ተራ መጠበቅ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ታውቩ ይቅርታ እንደማይጠየቅም ታውቃለች፤ ይቅርታ የሚባለው ለባዳ ነው። ግን ያ ጥርት ያለ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ነበረ፣ ወንበሩ ከሄደ እሱም ይሄዳል። አንድ ቃል ናት፣ ከአፍ ወጥታ አየር ላይ የምትቀር፣ ብላ ራሷን አሳመነችና እሺ አለች።

ደረጃው ስር ቆማ ለኢኖኬ ደወለች፤ ታክሲው ውስጥ ነበር፣ ዝናብ ጠራጊው ሲንቋቋ ይሰማታል። እስክትጨርስ ዝም ብሎ ሰማት። ይቅርታ የተጠየቀ ታውቩ በዕድሜዬ አላየሁም አለ፣ እንደ መገረም። አንተ ታዲያ ምን ታደርግ ነበር ስትለው መልሶ ዝም አለ። የኢኖኬ ዝምታ እንደሱ ነው፤ አይከለክልም፣ አይፈቅድም፣ ሰውን ከነሐሳቡ ብቻውን ያስቀረዋል። ተሳፋሪ ገባና ስልኩ ተዘጋ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ሎሳናን ግን የባሏ ዝምታ በትዳሯ ዘመን ሁሉ ሲነቅዝባት ነው የኖረው።

ኪኒን ከቤት ይዛት ስትመለስ መንገድ ላይ ነገረቻት። ልጅቷ ቆመች። «እ-እማ፣ እሱ እኮ… እ-እሱ እኮ የ-የኔ…» «አውቃለሁ፣ ታውቩሽ ነው» አለቻት ሎሳና። የልጇን ንግግር መጨረስ ልማዷ ነው፤ የጤና ጣቢያዋ ሴት ተዪ፣ ጠብቂያት ብላ ስንት ጊዜ መክራታለች፣ ግን ቃል አንገቷ ላይ ተሰንቅሮ ስታይ የትኛው እናት ይችላል? ኪኒ እጇን ከእናቷ እጅ አወጣች፣ ዝናቡን ሰበብ አድርጋ።

ልጆቹ ተሰብስበው ነበር። ሳኪ ጠጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ኪኒ ስትገባ «መጣች፣ የኔን ወርቅ ይዛ!» ሊል አፉን ከፈተና የኤሊያሳን ፊት አይቶ ዘጋው። ትልቁ ስክሪን ላይ ሁሉም በጋራ የሚሠሩት ደሴት ይታያል፤ ወደቡን የሠራችው ኪኒ ናት፣ የባሕር ልጅ አይደለች እንዴ? ከድምፅ ማጉያው የማዶዎቹ ልጆች ሳቅና ሳል ይሰማል። ኤሊያሳ በትሕትና ሁሉንም ዝም አሰኘ። ኪኒ ማዳመጫውን አደረገች። «ይ…» አለች። «ይ-ይ-ይ…» ከንፈሯ ተሳሰረ። ማዶ አንዱ ልጅ ሳቁ አመለጠው፣ ሌላው ተከተለው፤ ኤሊያሳ ተንደርድሮ ድምፃቸውን ዘጋ። የኪኒ አንገት ሥር ተገትሯል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ቃሉ ግን አልወጣም። ሳኪ በወንበሩ ላይ እየተቁነጠነጠ አያት፤ ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ጥግ ጥጉን ይዞ ሄደ። ሎሳና አልቻለችም። ከጀርባ ጎንበስ አለችና አፏን ወደ ማይኩ አስጠግታ፣ «ይቅርታ» አለች፣ በልጇ ፋንታ።

ሳኪ ኤሊያሳን አየ፣ ሎሳናን አየ፣ ከዚያ እንደታዘዘው፣ ጨዋ ልጅ ለማያውቀው ሰው በሚመልስበት ድምፅ፣ «ተቀብያለሁ» አለ። ኤሊያሳ አጨበጨበ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሎሳና ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አየችው። ኪኒ ማዳመጫዋን አውልቃ ነው የተጫወተችው። ሳኪ በወደቡ ማለፍ ሲፈልግ ማለፍ እችላለሁ ወይ ብሎ ጽፎ ጠየቃት፤ እሷም ትችላለህ ብላ ጻፈችለት። የሳኪ ሳጥን በጌሙ ቤት በር ላይ ክፍቱን ተቀምጦ ነበር፤ ኪኒ አጠገቡ አለፈች፣ አላየችውም። ኤሊያሳ በሎሳና በኩል ሲያልፍ አውራ ጣቱን ቀስሮ አሳያት። ወንበሩ ተርፏል። ሎሳና ደግሞ እንዲህ ያለ ንዴት ውስጧ እየተቃጠለ በማን እንደምትናደድ አጣች፤ ኤሊያሳ ደግ ነው፣ የኦክላንዷ ሴትዮ እናት ናት፣ ቃሉን ያወጣችው ደግሞ ራሷ ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እሷ ግን የሚለቀመውም አልታያት።

ቤት ሲደርሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ኢኖኬ ቀድሟቸው ገብቶ ዓሳ በኮኮናት ወተት ጥዷል። ኪኒ ጓዳ ገባች። ኢኖኬ ማማሰያውን ሳያስቀምጥ ተቀበለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ሎሳና ተቀበለ አለችው። «እንግዲህ ባዳ ሆንን» አለና ወደ ድስቱ ዞረ። ንዴት የለበትም ድምፁ፤ ሰው መሞቱን እንደሰማ ሰው ነው የተናገረው። ሎሳና ልትጮህበት ነበር። ጠዋት ከዳቦ ቤት ጀምሮ ስትሮጥ፣ ዝናብ ሲመታት፣ ስትለማመጥ የዋለችው እሷ ብቻ ናት፤ እሱ ከታክሲ ወርዶ አንዲት ዓረፍተ ነገር ወርውሮ ዓሳውን ያማስላል። ግን የምትለው ሁሉ እውነት ቢሆንም የሱም እውነት ነበር፤ ሳህኖቹን አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ወተቱ ፈልቶ ክዳኑን ገፋ።

የግቢው በር ሲጢጥ አለ። ሳኪ ነበር፤ የእጅ ጋሪ እየገፋ። ሎሳና መጀመሪያ ጋሪውን አላወቀችውም፣ የሚያብረቀርቅ ጋሪ ኖሯቸው አያውቅምና። የራሳቸው ነው። ጭቃው ተፍቆ፣ ጎማው ሳይቀር ታጥቧል። ውስጡ አካፋው አለ፣ ጃንጥላው በወጉ ተጣጥፎ አለ፣ ማንቆርቆሪያው ጥላሸቱ በአመድ ተፈትጎ አለ። ሳኪ ነጠላ ጫማውን ደረጃው ስር አውልቆ ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ንጹሕ ሸሚዝ አልብሰውታል። የተላከውን በቃሉ አጥንቶታል፤ «ቡቡ ሊቲያ፣ አስቸግረናችሁ ከሆነ ይቅርታ ብላለች። የጎደለ ካለ ንገሩኝ ብላለች» አለ። ኢኖኬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አሮጊቷ አልተቆጣችም፣ አልተሳደበችም፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ባዳ ስለመጣባት እሷም የባዳ ዕቃ መለሰች እንጂ። ኪኒ ከጓዳው ብቅ ብላ ጋሪውን አየች፣ ማንቆርቆሪያውንም አየች፤ ያን ማንቆርቆሪያ ለማስመለስ ከሳኪ ጋር ስንት ውጊያ አቅዳ ነበር። ሎሳና ዓይኗ ደረጃው ስር ወደተቀመጠው ነጠላ ጫማ ሄደ። ኪኒን አየቻት፤ ሂጂ፣ ውሰጂበት ብላ በዓይኗ ለመነቻት። ኪኒ ንቅንቅ አላለችም።

ሎሳና፣ ሳኪ ሳያያት ወርዳ ጫማውን በእግሯ ከቤቱ ቋሚ እንጨቶች ስር ገፋችው፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ልጁ «ደህና ዋሉ» ብሎ ወረደና ግራ ቀኙን ፈለገ። «አክስቴ፣ ጫማዬ…»

«የምን ጫማ?» አለች ሎሳና። «የናንተ መንደር ሰው ከመቼ ወዲህ ነው ጫማ የሚያደርገው?»

ኢኖኬ ዞረ፤ ማማሰያው እጁ ላይ ቀረ። ይሄ ቃል ከኪኒ አፍ ቢወጣ ጨዋታ ነው፣ ከኢኖኬም ቢወጣ እንደዚሁ። ከሌላ አገር ሴት አፍ ሲወጣ ግን ስድብ ነው፤ ደም የሚያፋስስ። የሳኪ አገጭ ወደ ደረቱ ወረደ፣ ጆሮውን እንደተመታ ልጅ። ሎሳና ያደረገችው ገባት። ያኔ ኪኒ እናቷን አልፋ ደረጃውን ወረደች።

«ያ-ያንቺ አይደለም፣ እማ» አለች። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። «አንተ ጭቃ ጠጪ! ጫማህን እኔ ነኝ የወሰድኩት! የቫቱካሎ ሰው ጫማ ያየው ጎርፍ ይዞለት ሲመጣ አይደለም እንዴ? እሱንም ለሁለት እግር መሆኑን ሳያውቅ ጆሮው ላይ ነው ያንጠለጠለው!»

አንድም ቦታ አልተያዘችም። ሳኪ ቀና አለ። ፈገግታው ቀስ ብሎ፣ እርግጠኛ ሳይሆን፣ ከዚያ በሙሉ ጥርሱ መጣ። «አሸዋ ላሽ!» አላት። ወዲያው ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጣ፣ በኢኖኬ ብብት ስር ሾልኮ ጨርቅ አነሳ፣ የሚፈላውን ድስት ከነዓሳው ከምድጃው አውርዶ ጋሪው ውስጥ ማንቆርቆሪያው አጠገብ አስቀመጠ። ለመድኃኒት የሚሆን ነገር ሳይተው፣ አካፋውንም ጃንጥላውንም እንደገና ይዞ፣ ጋሪውን በባዶ እግሩ እየገፋ ወጣ። ኢኖኬ ምድጃው ላይ ተደግፎ ይስቃል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ከዓይኑ የሚወርደው ግን ሳቅ ብቻ አይመስልም።

ለራት ሎሳና ከዳቦ ቤት ያመጣችውን ዳቦ ቅቤ ቀብተው በሉ። ኢኖኬ ማኘኩን አቁሞ አየት አደረጋትና፣ ለነገሩ አንቺም ክፉ አልተሳደብሽም አላት፤ በትዳራቸው ካመሰገናት ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይሄ ነው። ሎሳና ግን ሆዷ አልቆረጠም። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ልትሆኚ ነው ብላ ልጇን ጠየቀቻት።

«ክ-ክ-ክለቡ…» አለች ኪኒ። ሎሳና ቃሉን ልትጨርስላት አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ዘጋችው። ጠበቀች። ረጅም ነበር፣ ኢኖኬም ዳቦውን ይዞ ጠበቀ። «ክለቡ ው-ውስጥ ባዳ እንሆናለን። ከ-ከሳኪ ጋር ተስማምተናል።»

መቼ እንደተስማሙ ሎሳና አላወቀችም፤ ምናልባት በዓይን። የሚያናድደው ግን ይኸው ነው፤ ስትሮጥ ውላ ያተረፈችላት ወንበር ልጇ አፏን ዘግታ የምትቀመጥበት ሆነ። ያ ድምፅ ከእንግዲህ ከቀለም መደብሩ በላይ አይሰማም፣ ኤሊያሳም ጨዋ ሆኑልኝ ብሎ ያጨበጭባል። ይህን ለማንም ማስረዳት አይቻልም።

ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የድስት ክዳን በማማሰያ ሲደበደብ ተሰማ፤ ቀጥሎ የቡቡ ሊቲያ ድምፅ አጥር እየዘለለ መጣ። «እናንተ ናቱቫዎች! ባሕሩ ውስጥ ተወልዳችሁ ጨው መጨመር አልተማራችሁም? ይሄንን ዓሳ ውሻዬ እንኳ እንቢ አለው!»

ኪኒ ዳቦዋን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ ሄደች።